እንጦጦ ላይ የጠፋው ሞተር፦ ጥፋቱ የካንዴላ ነው ወይስ የአየር?

ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ከመገናኛ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ኮረብታዎች ሲወጣ መቆራረጥ ጀመረ፣ ከዚያም ጠፋ እንበል። ብዙዎቻችን ቶሎ የምንለው «ካንዴላው ነው!» ነው። ከመፍረዳችን በፊት እስቲ ታሪኩን እንይ።

የመጀመሪያው የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ካንዴላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1885 በሠሩት የእንጨት ብስክሌት ላይ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው በእሳት የጋለ ቱቦ ነበር። አስቡት፤ ከመቀመጫው ሥር የሚነድ እሳት! በዚያ ላይ ቱቦው መቼ እንደሚያቀጣጥል በትክክል መቆጣጠር አይቻልም።

የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያኔም ይታወቅ ነበር፤ ኤትየን ሌኗር እ.ኤ.አ. በ1860 በሞተሩ ተጠቅሞበታል። ችግሩ ባትሪ ነው፦ ይከብዳል፣ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1897 የሮበርት ቦሽ አውደ ጥናት ማግኔቶን ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ ገጠመ። በ1902 ደግሞ ባልደረባው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጅቶ አቀረበ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይነሳል፣ በካንዴላው ጫፍም ብልጭታ ይዘላል። ባትሪ አያስፈልግም። የዛሬዎቹ ትናንሽ ሞተሮችም በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ።

ወደ እኛ አገር የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። የጋራዡ ቋንቋ ግን በአብዛኛው የጣሊያን ነው፤ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን። ካንዴላም በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው።

ታዲያ ሻማው እንጦጦ ላይ ለምን ይጠፋል? የተራራው ጫፍ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። የተረፈው ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ይሆናል፣ ጥላሸቱ ካንዴላው ላይ ይለጠፋል። ጥላሸት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ፣ ኃይሉ በጎን ይሾልክና ብልጭታው ይቀራል። ካንዴላው የታመመው በአየሩ ምክንያት ነው ማለት ነው! አዲስ ቢገዙለትም ያው ይጠቁራል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላውን ፈትታችሁ ቀለሙን እዩ። ደረቅና ጥቁር ከሆነ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ጠበብ ባለ አስቀይሩ። ቡናማ ከሆነ ካንዴላው ደህና ነው፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። በቤንዚን ከራሰ ብልጭታ መኖሩን አጣሩ። ከሌለም መጀመሪያ የሞተር ማጥፊያውን ሽቦ ነቅላችሁ ሞክሩ፤ እሱ ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶ ከሆነ ብልጭታ አይኖርም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ውጭ የታየ ብልጭታ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ስለሚታመቅ ብልጭታው ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ደካማ ማግኔቶ ውጭ ያበራል፣ ውስጥ ይከዳል።