መሬቱ የእሷ፣ በሬው የሌላ

በጎንደር ዘመን መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ ወይም ሲያካስስ ጉዳዩ የሚጻፈው በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ነበር። ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱና ምስክሩ ከቅዱሱ ቃል ጎን ይሰፍራሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እነዚህን ማስታወሻዎች ሰብስቦ ሲያጠና በወንዶቹ መካከል የሴቶችን ስም ደጋግሞ አገኘ። ሴቶቹ መሬት ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ያወርሳሉ፣ ዳኛ ፊት ቆመው ይሟገታሉ። በ1723 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያስገቡት እቴጌ ምንትዋብም ለቁስቋም ደብራቸው ሰፊ መሬት ሰጥተዋል።

በኅዳጉ ላይ የሚነበቡት ግን በአብዛኛው ወይዛዝርት ናቸው። የባላገሯን መብት ለማየት ወደ ርስት ሥርዓቱ መሄድ ያስፈልጋል። በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወረዳል፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ከአቅኚው አባት ትቆጥራለች። በ1950ዎቹ በጎጃም ዳሞት የተቀመጠው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እንደገለጸው፣ ሰው በየትኛውም ወገኑ ቆጥሮ ርስት መጠየቅ ይችል ነበር። ይሁንና ቆጥሮ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ድርሻውን አስከፍሎ መያዝ ሌላ። ጠያቂው በአካባቢው መኖር፣ ሽማግሌ መያዝ፣ ክርክሩ ሲረዝም መታገሥ ነበረበት። ተድራ ወደ ባሏ አገር የሄደች ሴት ከእናት ከአባቷ ርስት ትርቃለች፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ የእሷን ድርሻ የሚከራከርበት ባሏ ወይም ልጇ ይሆናል። በሰማንያ የተጋባች ሴት ስትፈታ አብረው ያፈሩትን ከብትና እህል ትካፈላለች፤ የባሏ ርስት ግን የወገኑ ነውና እዚያው ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የጠነከረው ማሰሪያ የእርሻው ሥራ ራሱ ነው። በሰሜኑ ደጋ ሴት ሞፈር አትይዝም። ትጎለጉላለች፣ ጤፉን ታርማለች፣ በአጨዳ ትረዳለች፣ እህሉን ታበጥራለች፣ ትፈጫለች፣ ጓሮውን ጎመንና በርበሬ ትተክልበታለች። ደቦ ሲጠራ ጠላውና እንጀራው ካልደረሰ እርሻው አይታረስም። ተመራማሪዋ ሄለን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው የመንዝ ጥናቷ ላይ እንዳሳየችው፣ ኩበት መጠፍጠፉና ፈተሉም የሴቷ ነው። በዚህ ሁሉ ድካም መካከል ግን ሁለት በሬ ጠምዶ ማረስ የወንድ ድርሻ ሆኖ ቀረ። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት ቢኖራትም ለእኩል አራሽ መስጠት ግድ ይሆንባታል፤ ያም ማለት ከምርቱ ግማሹ ከአውድማው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን እውነት ሳያውቀው አልቀረም። አዋጁ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ፣ ጾታ ሳይለይ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስንም ከለከለ። ከክልከላው ነጻ የተደረጉት ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፣ እንዲሁም ባለ ይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ የትዳር ጓደኛውና አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ ነበሩ። ጭሰኝነትን የሻረው ሕግ ሴቷን በመሬት ከወንዱ እኩል ሲያደርጋት፣ ማረስን በተመለከተ ግን ከሕመምተኛና ከአረጋዊ ጋር አንድ ተርታ ውስጥ አገኛት። አርቃቂዎቹ ልማዱን አልፈጠሩትም፤ በአንቀጽ አጸኑት እንጂ። በገበሬ ማኅበሩ መዝገብም የሚሰፍረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ስለነበር ሚስት በባሏ ድርሻ ውስጥ ተቆጠረች።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በውርስ ከወንዶች ጋር እኩል መሆናቸው ተጻፈ። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን፣ «ቢሮክራት» የተባሉት የቀድሞ የገበሬ ማኅበር ሹሞች ይዞታ ወደ 1 ሄክታር እንዲወርድ ሲደረግ፣ ብዙ ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት አገኙ። ሽንሸናው መሬት ሰጠ እንጂ በሬ አልሰጠም። አዲሶቹ ባለ ይዞታዎችም መሬታቸውን ለእኩል ሰጡ።

ቀጥሎ የመጣው የይዞታ ደብተር ነው። ትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስትመዘግብ በአመዛኙ የቤተሰቡን ኃላፊ ስም ይዛ ነበር። አማራ ክልል ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጎዛምንና በደሴ ዙሪያ ሙከራ ጀምሮ ሲያስፋፋው፣ የባልና የሚስትን ስም ጎን ለጎን ጻፈ፤ የሁለቱንም ፎቶግራፍ ለጠፈ። የ1997ቱ የፌዴራል አዋጅ 456 ደግሞ የጋራ ይዞታ ደብተር በሁሉም ባለ ይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ።

ደብተሩ ምን እንደለወጠ ለማየት ተመራማሪዎቹ ስታይን ሆልደንና ምንትዋብ በዛብህ በአማራ ክልል ያደረጉትን ጥናት መመልከት ይጠቅማል። ሴቶች ለእኩል የሰጡት መሬት ወንዶች ከሰጡት ያነሰ ምርት ይሰጥ ነበር። መሬቷ ለም ስላልሆነ አይደለም። አራሿ ብዙ ጊዜ የባሏ ዘመድ፣ ዕድሜው የገፋ፣ በሬ ያነሰው ሰው ነበር፤ ቢያዘገይና ቢያጎድልም አማች ነውና ማስለቀቅ ይከብዳት ነበር። ከምዝገባው በኋላ የተደረገ ተከታይ ጥናት ደግሞ ደብተሩ በሴቶች መሬት ላይ ምርቱን ማሻሻሉን አመለከተ። መሬቷን እንደማትነጠቅ ያወቀች ሴት አራሿን መምረጥና መቀየር ትችላለችና።

ስለዚህ የሴቷን የመሬት ታሪክ ከባለቤትነት ሰነድ ብቻ መጻፍ ስሟን አይቶ ጎተራዋን አለማየት ነው። ስሟ በብራናው ኅዳግ ነበር፤ በ1967ቱ አዋጅ ነበር፤ በደብተሩም አለ። ከዘመን ዘመን ያልተፈታው ጥያቄ አራሹ ማን ነው፣ ውሉንስ የመዋዋልና የማፍረስ አቅሙ የማን ነው የሚለው ነው። አዋጅ 456 የመሬት ኪራይ ውል የመጠቀም መብት ያላቸውን የቤተሰብ አባላት ሁሉ ስምምነት እንዲያገኝና በሚመለከተው አካል እንዲመዘገብ አደረገ። ቀድሞ በአጥርና በዝምድና ውስጥ በቃል የሚያልቀው የእኩል ስምምነትም በዚህ መንገድ ወደ መዝገብ እየገባ ነው። ዛሬ በየወረዳው የሚከማቸው ይህ የውል ወረቀት ለነገው ተመራማሪ ከደብተሩ የበለጠ ይነግረዋል፤ ደብተሩ የመብቱን ባለቤት ሲያሳይ ውሉ የምርቱን መንገድ ያሳያልና።