ዲዲ ፎርም 214

ዲዲ ፎርም 214 አንድ የአሜሪካ ወታደር የሙሉ ጊዜ አገልግሎቱን ጨርሶ ሲሰናበት ከመከላከያ ሚኒስቴር የሚሰጠው የስንብት ምስክር ወረቀት ነው። ሰውየው መቼ ወደ ሠራዊቱ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣና በምን ሁኔታ እንደተሰናበተ የሚያስረዳ ዋና ሰነድ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና፣ የትምህርት ድጋፍ፣ የመንግሥት ዋስትና ያለው የቤት መግዣ ብድር ወይም በብሔራዊ መካነ መቃብር የመቀበር መብት ሲጠየቅ በማስረጃነት የሚቀርበው ይህ ወረቀት ወይም የተረጋገጠ ግልባጩ ነው።

ይዘት

ፎርሙ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ከዚያ በፊት ምድር ጦር፣ ባሕር ኃይልና ሌሎቹ ክፍሎች የየራሳቸውን የስንብት ወረቀት ይሰጡ ነበር። በፎርሙ ላይ የወታደሩ ማዕረግ፣ የሙያ ዘርፍ፣ የወሰደው ሥልጠና፣ ያገኛቸው ሜዳሊያዎችና በውጭ አገር ያገለገለበት ጊዜ ይሰፍራሉ።

ወረቀቱ አጭርና ሙሉ ግልባጭ አለው። አጭሩ የስንብቱን ዓይነትና ምክንያት አያሳይም፤ ሙሉው ግን ያሳያል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት ሙሉውን ነው። የስንብት ዓይነቶች «በክብር» ከሚለው ጀምሮ «በውርደት» እስከሚለው ይደርሳሉ። የመጨረሻው በጦር ፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን አብዛኛውን ጥቅም ያሳጣል።

የተረጋገጠ ግልባጭ ማግኘት

ዋናው ወረቀት የጠፋበት ሰው ግልባጭ የሚጠይቀው በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ነው። ማዕከሉ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አካል ነው። ጥያቄው በኢንተርኔት ወይም «ስታንዳርድ ፎርም 180» የተባለውን ቅጽ ሞልቶ በፖስታ ወይም በፋክስ በመላክ ይቀርባል። ጠያቂው በአገልግሎት ዘመኑ ይጠራበት የነበረውን ሙሉ ስም፣ የወታደርነት ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን፣ ያገለገለበትን ክፍልና ዘመን፣ የትውልድ ቀንና ቦታውን ይገልጻል። በፖስታ ወይም በፋክስ የሚላክ ጥያቄ ፊርማና ቀን ሊኖረው ይገባል።

ወታደሩ ከሞተ ዳግመኛ ያላገባች ሚስት ወይም ያላገባ ባል፣ ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች መጠየቅ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የሞት ማስረጃ ይያያዛል። ለቀብር ወይም ለአስቸኳይ ሕክምና የተፈለገ ወረቀት ቅድሚያ ይሰጠዋል። ከስንብቱ 62 ዓመት ያለፈው መዝገብ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሲሆን ግልባጩ ግን በክፍያ ነው።

ለባለቤቱና ለቅርብ ቤተሰቡ የስንብት ወረቀት ግልባጭ በነፃ ይሰጣል። ያም ሆኖ ይህንኑ ነፃ አገልግሎት በገንዘብ የሚያስፈጽሙ ነጋዴዎች አሉ። በብዙ ካውንቲዎች የሚገኙ የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶችና እንደ «አሜሪካን ሊጅን» ያሉ ማኅበራት ቅጹን በመሙላት ያለ ክፍያ ይረዳሉ።

ብዙ ወታደሮች ወረቀታቸውን በካውንቲው የመዝገብ ሹም ዘንድ ያስመዘግባሉ፤ ዋናው ቢጠፋ ከዚያ የተረጋገጠ ግልባጭ ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን በቆዩ ወረቀቶች ላይ ሙሉው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሚገኝ ለማንነት ስርቆት ያጋልጣል። በዚህ ምክንያት በርካታ ክፍለ ግዛቶች ሌላ ሰው መዝገቡን እንዳያይ በሕግ ገድበዋል።

የ1973 ቃጠሎ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 ከእኩለ ሌሊት በኋላ በማዕከሉ የቀድሞ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። መዛግብቱ በተቀመጡበት ቦታ እሳቱን የሚገታ የውኃ መርጫ አልነበረም። ቃጠሎው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ የተገለጸው ከአራት ቀናት በኋላ ነበር፤ መንስኤው እስካሁን አልታወቀም።

ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ የወታደር ማኅደሮች ወደሙ። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት 80 በመቶ፣ ከ1947 እስከ 1964 ከአየር ኃይል ከተሰናበቱትና ስማቸው በፊደል ተራ «ሀባርድ፣ ጄምስ ኢ.» ከሚለው በኋላ ከሚመጣው ደግሞ 75 በመቶ ያህሉ መዝገባቸው ጠፋ። ማኅደሮቹ ቅጂም ማይክሮፊልምም አልነበራቸውም። በ1950ዎቹ በአስመራው ቃኘው ጣቢያ አገልግለው ከ1960 በፊት የተሰናበቱ የአሜሪካ ምድር ጦር አባላትም ጉዳቱ በደረሰበት ዘመን ውስጥ ይገኛሉ።

ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ማኅደሮች ከውኃና ከሻጋታ ተርፈዋል። በጊዜው የራሱት ወረቀቶች በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ አየር አልባ ክፍል ውስጥ ገብተው እንዲደርቁ ተደርጓል።

መዝገቡ የተቃጠለበት ሰው መብቱን አያጣም። ማዕከሉ የደመወዝ መክፈያ ሰነዶችን፣ የሆስፒታል መዝገቦችን፣ የክፍሉን የዕለት ሪፖርቶችና የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትን ፋይሎች በማመሳከር አገልግሎቱን ያጣራል። ሲረጋገጥም በስንብት ወረቀቱ ምትክ የሚያገለግል የውትድርና ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ጠያቂው ያገለገለበትን ሻምበል ወይም ሻለቃ ስም ካስታወሰ ፍለጋው ይቀላል።

እርማት

በወረቀቱ ላይ ስሕተት ከተገኘ ዋናው አይፋቅም፤ «ዲዲ ፎርም 215» የተባለ የማረሚያ ወረቀት ይያያዝበታል። የስንብቱ ዓይነት እንዲሻሻል የሚፈልግ ሰው በ15 ዓመት ውስጥ ለስንብት ገምጋሚ ቦርድ ማመልከት ይችላል። ያ ጊዜ ካለፈ ጉዳዩ ለመዝገብ አራሚ ቦርድ ይቀርባል።

የውጭ አገር ተወላጆች

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የሌላ አገር ተወላጆች በአገልግሎታቸው መሠረት ዜግነት ሲጠይቁ፣ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ከሆነ አገልግሎታቸውን በዚሁ ፎርም ግልባጭ ያስረዳሉ።