ፈረስ መጋላና አራቱ ዓመታት

ሐረርን የረገጠ ሰው ሁሉ ፈረስ መጋላን ያውቃል። በሐረር በር በኩል ወደ ጀጎል የሚገባው የመኪና መንገድ የሚያደርሰው እዚሁ አደባባይ ላይ ነው። ከዚህ ተነስቶ የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ፣ መኪና ግርግርን ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ደግሞ ጊድር መጋላ ይደርሳል፤ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ሲሆን ዛሬ ግን ፈረስ አይሸጥበትም። መኪና ግርግርም ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። የከተማ ነገር እንዲህ ነው፤ ሥራው ያልፋል፣ ቤቱም ይፈርሳል፣ ስሙ ይቀራል። ስም ብቻውን ግን የፈረሰውን ቤት መልክ ሊነግረን አይችልም።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሳው ይህንኑ ጉዳይ ነው። የከተማ መሐል ሲለወጥ ፎቶግራፍ ምን ያተርፍልናል? ምንስ ያመልጠዋል? ለምሳሌ የወሰድነው ሐረርን ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

እንደሚታወቀው ሐረርን በግንብ ያጠሯት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፤ ዘመኑም 16ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ የንግድና የዒልም ማዕከል ሆና ኖረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 ገብቶ ጥቂት ቀናት ሲቀመጥ ያየውን በጽሑፍ ነው የተወልን። በ1875 የግብፅ ጦር በራውፍ ፓሻ እየተመራ ከተማይቱን ያዘ፤ አሥር ዓመትም ገዛ። በፈረስ መጋላም በግብፆች ዘመን የተሠራ መስጊድ ቆሞ ነበር። ግብፆች በ1885 ሲወጡ ሥልጣኑ ወደ አሚር አብዱላሂ ተመለሰ። በጥር ወር 1887 በጨለንቆ ጦርነት የንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ድል አድርጎ ሐረርን ያዘ። ከዚያ በኋላ በፈረስ መጋላ የነበረው መስጊድ ቀርቶ በቦታው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ።

ይህን የምናነሳው የቆየ ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። የሐረር ሕዝብ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖሯል፤ ገበያውም ጉርብትናውም የጋራ ነው። ታሪክ ግን ታሪክ ነው፤ የሆነው እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል። ጥያቄያችንም ሌላ ነው፤ ለመሆኑ ያ መስጊድ ምን ይመስል ነበር? በሩ ወዴት ይዞር ነበር? ከገበያው ጋር የሚያገናኘው መንገድ የቱ ነበር? እነዚህን የሚመልስ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ብዙ ገጽ ጽሑፍ ይተካ ነበር።

ካሜራ ወደ ሐረር የገባው ከዚያ ለውጥ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከሚታወቁት የሐረር ፎቶግራፎች መካከል ቀደምት የሆኑትን ያነሳው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ይህ ሰው በአገሩ በግጥም የታወቀ ሲሆን ወደ ሐረር የመጣው በ1880 መጨረሻ የቡናና የቆዳ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነበር። ካሜራውን ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 ሐረር ላይ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተሰቡ ሲጽፍ ሥዕሎቹ የነጡት በሚያጥብበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ራምቦ ካነሳቸው ጥቂት ናቸው የተረፉት። ከነሱም ውስጥ የሐረር ገበያና የሼኽ አባድር ቁባ ይገኙበታል። ካሜራውን ግን ብዙም አልተጠቀመበት፤ በ1885 ሸጦታል።

ከ1883 እስከ 1887 ያለው አራት ዓመት ብቻ ነው። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በጀጎል መንገዶች ከተመላለሰበት ጊዜ አንስቶ የአደባባዩ መልክ እስከተለወጠበት ዘመን ድረስ የነበረው ዕድል ይህን ያህል ጠባብ ነበር። የኖረበት ሕዝብ ካሜራ አልነበረውም። ካሜራ የያዘው ደግሞ ነጋዴና መንገደኛ ነበርና የወደደውን አነሳ፣ ያልወደደውን ተወ። ለሐረር ልጆች ብሎ ያነሳው ነገር የለም። በነዚያ አራት ዓመታት ያልተነሳውን ዛሬ ማንም ተመልሶ ሊያነሳው አይችልም።

የሼኽ አባድር ቁባ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ቦታው ዛሬም የሚዘየር ሲሆን የ1883ቱ ፎቶግራፍም አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ምን እንደታደሰ፣ ዙሪያው እንዴት እንደተለወጠ መለየት ይቻላል። ቅርስ የሚያድስ ባለሙያ ሲመጣ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነገር የድሮ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ ከሌለ ግምት ይተካዋል። ግምት ደግሞ የጥንቱን መስሎ የተሠራ አዲስ ቤት ያወርሰናል።

ጥፋት የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። በመጋቢት ወር 1936 የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሐረርን ደበደቡ። በ2020 በተነሳው ሁከት ከግንቡ ውጭ የነበረው በፈረስ ላይ የተቀመጠው የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። በልማት ምክንያትም ይፈርሳል፤ በ2024 በአዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ የቆዩ ቤቶችና ሱቆች በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲነሱ አይተናል። ከሁሉ በላይ ግን ቤትን የሚጨርሰው ዝምታ ነው። የሐረር ቤት ነደባው ተነቅሎ፣ የግድግዳው መደርደሪያ ተደፍኖ፣ ጣራው በቆርቆሮ ተተክቶ ሲለወጥ ማንም አዋጅ አያስነግርም። ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መስፈሯ ታላቅ ነገር ነው፤ መዝገቡ ግን በየቤቱ ገብቶ ፎቶግራፍ አያነሳም።

እዚህ ላይ አንድ ምስጋና ሊቀርብ ይገባል። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የተባሉ የሐረር ተወላጅ በግል ጥረታቸው የእጅ ጽሑፎችን፣ አልባሳትን፣ ገንዘቦችንና የድሮ ፎቶግራፎችን ሰብስበው ሙዚየም አቋቁመዋል። ስብስቡ በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ነበር የተጀመረው። አንድ ሰው ይህን ካደረገ አንድ ጀመዓ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በፎቶግራፍ ጉዳይ ዑለማኦች ብዙ እንደተነጋገሩ እናውቃለን። ክርክሩ በዋናነት ሩሕ ያላቸውን ፍጥረታት የሚመለከት ነው፤ ግድግዳን፣ በርን፣ ሚናራንና ገበያን ማንሳት በዚህ አያሰጋም። የሰው ቤት ሲነሳ ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ የቤተሰብን ገመና መጠበቅ የአደብ ግዴታ ነው።

ሐዲስ ያለ ሰነድ ክብደት እንደማይኖረው ሁላችንም ተምረናል። ማን ከማን እንደሰማው ይጠየቃል። ፎቶግራፍም ሰነድ ይሻል። ማን አነሳው? መቼ? ከየት ቆሞ? ወዴት ዞሮ? ይህ ካልተጻፈበት የልጅ ልጅ ሲያገኘው የማይታወቅ ግድግዳ ነው የሚሆንበት። ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ሸዋ በር የሚለውን ሌላው አስማዲን በሪ ይለዋል፤ አንዱ ቡዳ በር ሲለው ሌላው በድሮ በሪ ነው የሚለው። ሁለቱም ስም ቢጻፍ የሚጎዳ ነገር የለም፤ አንዱ ሲረሳ ሌላው ይመሰክራል።

ስለዚህ የየትኛውም ከተማ ጀመዓ ቢሆን ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። የመስጊዱን አራቱንም ጎን፣ ሚሕራቡን፣ የዉዱእ ቦታውን፣ ከመስጊዱ እስከ ገበያው ያለውን መንገድ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆሞ ማንሳት ነው። ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ሳጥን ውስጥ ያሉትን የሠርግ፣ የሱቅና የሐጅ መሸኛ ፎቶግራፎች ቅጂ ወስዶ ዋናውን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ከሰዎቹ በስተጀርባ የሚታየው ቤት ዛሬ የሌለ ሊሆን ይችላልና። በሞባይል የተነሳውም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ አትሞ፣ ጀርባው ላይ ጽፎ፣ በመስጊዱ ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ነው። ይህን ለመጀመር አንድ ደብተርና አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል።

ሐረር አራት ዓመት ነበራት። እኛ ስንት እንዳለን አላህ ነው የሚያውቀው። ከአባቶቻችን የተረከብነው ቤት አማና ነው። ቤቱን ማቆየት ባይቻለን እንኳ መልኩን ማቆየት ይቻለናልና ከዛሬ እንጀምር።

ወቢላሂ ተውፊቅ።