ካልኩለስ ከእራት በኋላ

ስሙኝማ! ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ፈተና የደረሰባችሁ ደግሞ ይበልጥ ቅረቡ። የዛሬው ትረካዬ የካልኩለስ ነው። ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል ሲባል ገና ከስሙ ሆዱን የሚቆርጠው ካለም አይሽሽ፤ ወሬው የሰው ወሬ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አገሩ አሜሪካ፣ ቦታው በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ። ዩሪ ትራይስማን የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው ነበር፤ ካልኩለስ የሚያስተምሩ ረዳት መምህራንን ያሠለጥናል። መቼም ሐኪም ልሁን ያለም፣ መሐንዲስ ልሁን ያለም በካልኩለስ ሳያልፍ ወደፊት አይራመድም። ታዲያላችሁ ውጤቱ ሲታይ፣ ኮርሱን ከወሰዱት ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች 60 በመቶዎቹ ያገኙት ዲ ወይም ኤፍ ነው። ትውልደ ቻይና የሆኑት ግን አብዛኞቹ ከፊት ይሰለፋሉ።

ትራይስማን «ለምን?» ብሎ መምህራኑን ጠየቀ። መልስ ማን ይቸግረዋል! ፍላጎት ማጣት ነው ያለ አለ፤ ከሁለተኛ ደረጃ ይዘውት የመጡት መሠረት የላላ ነው ያለ አለ፤ ቤተሰቡ ለትምህርት ቦታ አይሰጥም ያለ አለ፤ ድህነት ነው ያለም አለ። ሰውየው ግን ከመገመት ማየት ይሻላል አለና ከጥቁሮቹ 20፣ ከቻይናዎቹ 20 ተማሪዎች መርጦ ይከታተላቸው ጀመር። የሚያጠኑበት ቦታ ድረስ ሄዶ ያያል፤ ቤተሰብ ያነጋግራል።

ግምቱ ሁሉ ተራ በተራ ወደቀ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለዩኒቨርሲቲ ለማብቃት ሲለፉ የኖሩ ናቸው። ልጆቹም ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው ቁንጮ የነበሩ ናቸው፤ በርክሌይ መግባት ራሱ የሰነፍ ሥራ አይደለማ!

ታዲያ ምስጢሩ የት ነው ያለው? ከእራት በኋላ!

ደንቡ፣ ክፍል ውስጥ ለተቀመጣችሁበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት አጥኑ ይላል። ትምህርቱ በሳምንት 4 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ጥናቱ 8 ሰዓት። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ይህን አክብረው 8 ሰዓት ያጠናሉ። ግን ከ20ዎቹ 18ቱ ከክፍል ጓደኛ ጋር አጥንተው አያውቁም። ጓደኛ ለጨዋታ፣ ደብተር ለብቻ። አይፈረድባቸውም፤ በየሰፈራቸው ከሌላው ተለይተው፣ በራቸውን ዘግተው ማጥናታቸው ነው ለዩኒቨርሲቲ ያበቃቸው። ጉዳቱ የታየው እዚህ ነው። አንድ ጥያቄ እምቢ ሲላቸው የእነሱ ድክመት ይሁን፣ ጥያቄው ለሁሉም ከባድ ይሁን የሚነግራቸው የለም። ሠርቻለሁ ብለው ከፈተና ይወጣሉ፤ ውጤቱ ሲለጠፍ ይደነግጣሉ።

ቻይናዎቹስ? እነሱ በሳምንት 14 ሰዓት ያህል ያጠናሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ የቤት ሥራውን ለብቻው ይሠራል። ከዚያ ማታ ይሰባሰባሉ፤ እራትም አብረው ሊበሉ ይችላሉ። ከዚያ ደብተር ይዘረጋና መልስ ከመልስ ይተያያል። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ መልስ ይዞ ከመጣ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ እዚያው ተጠይቆ እዚያው ይታረማል። ሁሉም የተለያየ መልስ ካመጡ ወይም ማንም ካልሠራው ግን መምህሩ ሆን ብሎ የወረወረው ገዳይ ጥያቄ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አንገቱን አይደፋም። የድሮ ፈተናም አምጥተው ይፈታተናሉ። ታላቅ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ መጥቶ የሚያፋጥጣቸውም ጊዜ አለ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ በሉልኝ! የእነዚህ ሎሚ አልተከፋፈለም። እያንዳንዱ ሃምሳውንም ተሸክሞ መጥቶ ነው ማዕዱ ላይ የዘረገፈው።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ጥያቄ ልጣልላችሁ። አንድ ሲካፈል ለኤክስ ስኩዌር፤ ኢንተግራሉ ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1 ስንት ነው? ብቻውን የተቀመጠ ተማሪ ቀመሩን ይጠቀማል፤ ኔጌቲቭ 2 ያገኛል፤ ያሰምርበታል፤ ይተኛል። ከጓደኛ ጋር ቢሆን ግን አንዷ ብድግ ትላለች፦ «ቆይ፣ ግራፉ ከኤክስ አክሲስ በላይ ነው አይደል? ከታች ዝር አላለም። ታዲያ ስፋቱ እንዴት ከዜሮ ያንሳል?» ዝም ይላሉ። ከዚያ ሌላው ዜሮ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ እዚያ ላይ ፈንክሽኑ ወደ ኢንፊኒቲ ይተኮሳል፤ ቀመሩም እሱን ዘሎ መሄድ አይችልም። ከሁለቱም ወገን በሊሚት ሲሞከር ኢንተግራሉ ዳይቨርጅ ያደርጋል፤ መልስ ብሎ የሚጻፍ ቁጥር የለውም። ያቺ «ቆይ» ያለችው ልጅ ባትኖር ስህተቱ እስከ ፈተናው አዳራሽ ድረስ ይሄድ ነበር።

ወደ በርክሌይ እንመለስ። ትራይስማን ካየው በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1978 ዓውደ ጥናት ተጀመረ። ደካሞች ኑ፣ እንደግፋችሁ አልተባለም። ለብርቱዎች የተዘጋጀ ነው ተብሎ ተማሪዎቹ ተጋበዙ፤ በክፍል ከሚሰጠው የጠነከረ ወርክሺት ቀረበላቸው፤ በቡድን ተቀምጠው ተከራከሩበት። ምን ሆነ መሰላችሁ? የገቡት ጥቁር ተማሪዎች ነጮችንም እስያውያንንም የክፍል ጓደኞቻቸውን በለጡ። በመግቢያ ፈተናው የሒሳብ ውጤታቸው 600ን በጥቂቱ ብቻ ያለፈው፣ 750 አካባቢ ካመጡት ጋር እኩል ሠሩ። ትራይስማን ይህን እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፎ አሳተመው፤ አሠራሩም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ።

የእኛስ ተማሪ? አብሮ ማጥናት ለእሱ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ለአምስት ተብሎም ተደራጅቶ ያውቃል። ስም ዝርዝር ግን ካልኩለስ አያስተምርም። አንዱ ቸካይ ወርክሺቱን ሠርቶ አራቱ የሚገለብጡበት ቡድን፣ ስሙ ቡድን ይሁን እንጂ የሚያጠናው አንድ ሰው ነው። ፈተና ላይ ደግሞ ወንበሩ ለየብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ቸካዩ ያልፋል፣ አራቱ ይቀራሉ።

ስለዚህ እናንተ የፋይናል ሰሞኞች፣ ምክሬ አጭር ናት። ጥያቄውን መጀመሪያ ለብቻችሁ ታገሉት። የሞከራችሁበትን ወረቀት፣ ስህተቱንም ጭምር፣ ይዛችሁ ተገናኙ። የድሮ ፈተና ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። አልገባኝም ማለት አትፈሩ፤ አልገባኝም ያለውንም አትሳቁበት። ባዶ ወረቀት ይዞ የመጣ ካለ ግን ሠርቶ እንዲመለስ ንገሩት፤ ለእሱም ለእናንተም የሚጠቅመው ይኸው ነው።