«ወረሰ» የምትለው ቃል

ለንደን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብሪትሽ ሙዚየም በር ላይ ተሳፋሪ ማውረዱ አይቀርም። እኔም አወርዳለሁ። ከታክሲው በፊት አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ስለነበርኩ፣ ተሳፋሪው ሒሳቡን እስኪከፍል ድረስ ዓይኔ ወደ ሕንፃው ይሄዳል፤ ሐሳቤ ደግሞ አንዲት የአማርኛ ቃል ላይ ይቆማል። ቃሏ «ወረሰ» ናት።

በቋንቋችን ልጅ የአባቱን ንብረት ይወርሳል። መንግሥት የሰው ቤት ይወርሳል። ባለቤቱ የተወውን እርሻ አረም ይወርሰዋል። በማስተማር ላይ ሳለሁ ይህን እንደ ቋንቋው ጉድለት እቆጥረው ነበር። አሁን ግን ቀደምቶቻችን አንድ ነገር ያዩ ይመስለኛል፦ ንብረቱ በምንም መንገድ ይምጣ፣ ጥቂት ዘመን ከሰነበተ የያዘው ሰው «የእኔ ነው» ማለቱ አይቀርም።

የመቅደላን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፤ የጄኔራል ናፒየር ጦርም አምባውን ዘረፈ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዕቃው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተጓዘ፤ እዚያም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆልምስ፣ 350 የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ገዛ። ልብ በሉ፣ «ገዛ» ነው የሚባለው። ሐራጁ የተዘረፈውን ዕቃ በሁለት ቀን ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ዕቃ አደረገው። ከዚያ መዝገብ ገባ፤ ቁጥር ተለጠፈበት። ጊዜ ሲያልፍ ሕግ መጣና ጠበቀው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ከክምችቱ አውጥቶ መስጠትን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል።

ሆልምስ ለራሱም አልተረሳም። «ኵርዓተ ርእሱ» የሚባለውን፣ ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የጌታን ሥዕል ለብቻው አስቀረ። ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን የት እንዳለ አይታወቅም ተባሉ። ሆልምስ በዚያን ጊዜ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ነበር!

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በእጁ ያሉትን የመቅደላ ዕቃዎች ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ብድር ሊሰጥ እንደሚችል ተናገረ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «የገዛ ጋቢዬን አበድሩኝ ልበል እንዴ?» አለ።

እዚህ ላይ ግን መምህርነቴ ዝም አያሰኘኝም። መጻሕፍቱ መቅደላ ላይ እንዴት ተገኙ? ብዙዎቹን ንጉሠ ነገሥቱ በአምባው ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት ያስመጧቸው ናቸው፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጥለዋል። ይህ የእንግሊዞቹን ዘረፋ አያቀልም። ነገር ግን መጻሕፍቱ ይመለሱ ብለን ስንጮኽ አንድ የጎንደር ካህን «ወዴት?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ ሊኖረን ይገባል።

ዝሆንና በቅሎ ሳያስፈልግ በወረቀት ብቻ መውረስ እንደሚቻል ደግሞ በእኛው ዘመን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ የሆላንዱን መብት እስኪሽረው ድረስ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። እናቶቻችን ዱቄቱን ሲያቦኩ የኖሩት ስንት መቶ ዓመት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የእናቴ እናት ደሴ ውስጥ ጠላ ጠምቀው ባጠራቀሙት ገንዘብ ያሠሯቸው ሁለት የኪራይ ቤቶች ተወረሱባቸው። ካሳ ይከፈላል ተብሎ ነበር፤ ሳያገኙ ዐረፉ። በእኛ ቤት ውስጥ ደርግ በክፉ የሚነሣው ስለዚህ ነበር፤ አያቴ ስለ ቤቶቹ ሲያወሩ እኛም አብረን እናዝን ነበር።

ነገር ግን እኔና እኅቶቼ ያደግነው በቀበሌ ቤት ነው። አባቴ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ፣ ከደመወዙ በሚተርፈው አስተማረን። እኔን መምህር ያደረገኝ ያ የረከሰ ኪራይ ነው ብል አልዋሽም። ቤቱም በአዋጁ የተወረሰ ነበር፤ ያሠራው ሰው ነበረው። ማን እንደሆነ ግን እናትና አባቴን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በበዓል ሰሞን በበራችን ሲያልፉ ቆም ብለው አጥሩን፣ ጣራውን፣ ግቢው ውስጥ ያለውን የኮክ ዛፍ ይመለከቱ ነበር። እናቴ ወጥታ «አባባ፣ ይግቡና ቡና ይጠጡ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ይመስገን ልጄ፣ መንገደኛ ነኝ» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ያዘግማሉ።