ስለ ውጅግራ ጥይት

«ውጅግራ» የምንለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ሲሆን የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ነው። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲይዙ አሮጌው በኦቦክና ዛሬ በምንኖርባት በጅቡቲ በኩል ወደ ሀገራችን በብዛት ገባ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋም ዘምቷል።

በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር። እኔ ነጋዴ ነኝና ይህ ይገርመኛል፤ የሚተኮስ ገንዘብ! ታዲያ እንዴት ይታመናል? የውጅግራ ጥይት 5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ይይዛል። የናስ ቀለሁ ካልተሰነጠቀ በአዲስ ካፕሱል፣ ባሩድና እርሳስ እንደገና ይሞላል። የሞላው ሰው ባሩዱን ከቀነሰ እርሳሱ ከዒላማው በታች ይወድቃል፤ ባሩዱ ከረጠበም ጨርሶ አይተኮስም። ገዢው ግን ከውጭ የሚያየው ናሱንና የእርሳሱን ጫፍ ብቻ ነው፤ ጉድለቱን የሚያውቀው ጠላት ፊት ቆሞ ቃታ ሲስብ ነው።