ዲቴክተር ይዞ ደረስጌ ለሚወጣ ሰው

በስሜንና በወገራ የተቀበረ ወርቅ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። የደጃች ውቤ ግምጃ ቤት ነው፣ ጣሊያን ሲከበብ የቀበረው ሣጥን ነው፣ ዘንዶ የሚጠብቀው ዋሻ ነው። ወሬው ድሮም ነበር፤ አዲሱ ነገር መሣሪያው ነው። ዛሬ አንድ የደባርቅ ወይም የዳባት ወጣት በስልኩ የዲቴክተር ማስታወቂያ አይቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ብር አዋጥቶ፣ ለጀማሪ የተሠራ ማሽን ሊያስመጣ ይችላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ወጣት ነው። አትንካው ልለው አይደለም። ምን እንደያዘ ግን ማወቅ አለበት።

ማሽኑ ባንክና ሆቴል በር ላይ ጥበቃው በወገባችን ዙሪያ የሚያዞረው ዕቃ ታላቅ ወንድም ነው። ጫፉ ላይ ባለው ክብ ነገር ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ከሥሩ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ መስኩ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ ማሽኑ የዚያን ምላሽ ሰምቶ ይጮኻል። ሚስጥሩ ይኸው ነው። የጀማሪ ማሽን አንድ ሳንቲም የሚሰማው ስንዝር ያህል ጥልቀት ላይ ነው፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። በዚያ ዋጋ "ሦስት ሜትር ድረስ ወርቅ ለይቶ ያሳያል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ወርቅን ብቻ የሚለይ ማሽን የለም። ቀጭን ቀለበትና የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣሉ።

ስሜን ደግሞ ለጀማሪ ክፉ መምህር ነው። ተራሮቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፤ ጥቁሩ ድንጋይ በውስጡ የብረት ማዕድን አለው። ስለዚህ ማሽኑ ምንም በሌለበት መሬት ላይ ሲንጫጫ ይውላል። መፍትሔው ማሽኑን መጀመሪያ ከአፈሩ ጋር ማስማማት ነው፤ ብረት የሌለበት ቦታ መርጦ፣ ክቡን ወደ መሬት ዝቅ ከፍ እያደረጉ እስኪረጋጋ ማስተካከል። ከዚያ በዝግታ፣ ከመሬቱ ሳይርቁ፣ አንዱን እርምጃ በሌላው ላይ እየደረቡ ማጠፍ። ድምፅ ሲሰማ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ከሌላ አቅጣጫ መሞከር ያስፈልጋል። ከሁለቱም ወገን እኩል የሚጮህ አንድ ነገር ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚጮህ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ወይም የዛገ ምስማር ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዛሬ ጃናሞራ ወረዳ ውስጥ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያሠራት ስሜንና ትግራይን ይገዛ የነበረው ደጃች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። የሥራው መሪ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ውቤ እዚያ ልንገሥ ብሎ ያሰበ ሰው ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከካሣ ኃይሉ ጋር ገጠመ፤ ተሸንፎ ተማረከ። ጦርነቱ በተደረገ በሁለተኛው ቀን አቡነ ሰላማ ካሣን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ብለው ቀቧቸው። ሰው ለራሱ ባሠራው ቤት ባለጋራው ሲነግሥበት ማየት! የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ከየት ይጀምራል ለሚለው ብዙዎቻችን የምንጠቅሰው ቀን ይህ ነው።

ግን ስለ ውጊያው ራሱ ምን እናውቃለን? ዜና መዋዕሎቹ ማን እንዳሸነፈ ነግረውናል፤ ካርታ ግን አልተውልንም። ውቤ በምጽዋ በኩል ጠመንጃ ያገኝ የነበረ ሰው ነው። ታዲያ ነፍጠኞቹ የት ቆመው ነበር? ተኩሰው ነው የተሸነፉ ወይስ ሳይተኩሱ ተከበቡ? መልሱ አሁንም መሬት ውስጥ ሊኖር ይችላል። የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው ክብ እርሳስ ነበር። ተኳሹ በጥድፊያ ከእጁ የጣለው ጥይት ክብ እንደሆነ ይቀራል፤ ተተኩሶ ድንጋይ ወይም አጥንት የመታው ይጨፈለቃል። ክቦቹ የወደቁበት ቦታ ተኳሾቹ የቆሙበት ነው፤ ጭፍልቆቹ የተገኙበት ደግሞ የተተኮሰባቸው የነበሩበት።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፤ አሜሪካኖች አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1876 ጄኔራል ከስተር ከነጭፍሮቹ ያለቀበትን የሊትል ቢግሆርን ሜዳ በ1983 እሳት ሣሩን ጠራረገው። በዓመቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዲቴክተር የለመዱ ፈቃደኞችን አሰልፈው ሜዳውን በመስመር አስፈተሹት። ድምፅ የሰማው ሰው ቆፍሮ ኪሱ አልከተተም፤ ባንዲራ ተክሎ አለፈ። ባለሙያ ተከትሎ ቦታውን ለክቶ መዘገበ። በቀለሆቹ ላይ ያለውን የመምቻ ምልክት እያመሳከሩ የአንድን ጠመንጃ ጉዞ ከኮረብታ ኮረብታ ተከተሉ። ለመቶ ዓመት ማንም ያልሰማቸው የሕንዶቹ ምስክርነቶች በብዙ ነገር ልክ እንደነበሩ ታየ።

እኛ ጋ ያለ ቆፋሪ ግን እርሳሱን "ቆሻሻ" ብሎ ይወረውረዋል፤ የሚፈልገው ጠገራ ብር ነው። እስቲ ጠገራውን እንይ። ማሪያ ቴሬዛ ብር የትም ይመታ መቼም ይመታ የሚያነበው ዓመት አንድ ነው፤ 1780። ስለዚህ በኪስህ ያለ ጠገራ በውቤ ዘመን ይቀበር፣ በምኒልክ፣ ወይም በጣሊያን ጊዜ፣ ፊቱን ዓይቶ መናገር የሚችል የለም ማለት ይቀላል። የሚናገረው የነበረበት አፈር ነው፤ ከጎኑ የነበረው ገል፣ ከሰል፣ የተቀበረበት ጥልቀት። ቆፍረህ ስታወጣው አፈሩን አፍርሰሃል፤ የቀረህ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር የሆነ ሳንቲም ነው። ወርቅ ቤት የሚመዝንልህም ይህንኑ ነው።

ማሽኑን "ብረት አታሰማኝ" ብሎ ማስተካከልም ይቻላል፤ ጀማሪዎች ቶሎ የሚማሩት ይህንን ነው። ጦር፣ ጎራዴ፣ የጠመንጃ ምላጭ ግን ብረት ናቸው። በዚያ ላይ በዚህ አገር ብረት ወድቆ አይቀርም ነበር፤ የወገራና የስሜን ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች አሮጌውን ማረሻና ቢላ ያደርጉት ነበር። ከዚያ ሁሉ ያመለጠችውን ቁራጭ እኛ በአንድ ቁልፍ ዝም ማሰኘታችን ነው።

የባሰው ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ሲወረድ ነው። ወልክፊት ላይ መሽጎ የአስመራ ጎንደርን መንገድ ዘግቶ የነበረው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ፣ በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድቦ፣ እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህም ሌላ ጦርነት አልፏል፤ በ2013 መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ የሆነውን ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። ማሽኑ ሳንቲምንና ያልፈነዳ የሞርታር ጥይትን አይለይም፤ ሁለቱም ላይ ይጮኻል። ይህ መሣሪያ በዓለም የገነነውም በዚህ ነው፤ በእጅ የሚያዘውን የፈንጂ መፈለጊያ ኮሳትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መኮንን እንግሊዝ አገር ሆኖ የሠራው ወልክፊት በወደቀችበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1941 እና 42 መካከል ነው። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች በአካፋ መቆፈር ክልክል ነው እላለሁ፤ ሕግ ጠቅሼ ሳይሆን እጅና እግር ቆጥሬ። ያየኸውን ሳትነካ ምልክት አድርግና ለፖሊስ ንገር።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ባለበት ጠብቆ እንዲያሳውቅ ያዛል።

ደባርቅ አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት። ማሽኑን የገዛው ወጣትና የታሪክ አስተማሪው ተገናኝተው፣ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አውጥተው፣ የደረስጌን ካህናትና ገበሬዎች አስፈቅደው፣ ገመድ ዘርግተው፣ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ባንዲራ ተክለው በስልካቸው ጂፒኤስ ቢመዘግቡ ወጪው ከአንድ ዎርክሾፕ አበል አይበልጥም። ወቅቱም ይገጥማል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ማሳው ባዶ የሚሆነው በየካቲት ነው፤ ሁለቱ ጦሮችም እዚያ የተገናኙት በየካቲት ነበር።